ያልደረሰ ሌሊት ሥዕሎች

የሼ ኮምቦ ግራ ጆሮ አይሰማም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሴቷ መንደር ከኪዚንጊቲኒ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ ከድንጋይ ሥር ሎብስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ሲለቅም ኖሮ፣ አንድ ቀን ከጥልቁ ሲወጣ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል የሚሰማው የባሕር ጉምጉምታ ብቻ ነው። ጠላቂነቱ በዚሁ አበቃ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ግን አልጣለውም። የሆነ የእርዳታ ድርጅት ለማኅበሩ የሰጠው ላፕቶፕ በጨርቅ ተሸፍኖ ቁጭ ብሎ ነበርና፣ “አንተ ትዕግሥት አለህ፣ እሱን ያዝልን” አሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳተላይት በየሰዓቱ ባሕሩን ከላይ ፎቶ ያነሳል። ሩቅ አገር ያለ አንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ፎቶውን ገጹ ላይ ያወጣል። ሼ ገጹን ከፍቶ ከሁሉ በላይ ያለውን ሥዕል ተጭኖ ያወርዳል፣ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ለሚወጡት ጀልባዎች “ደመና አለ” ወይም “የለም” ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይከፍታል፣ ይጫናል፣ ያስቀምጣል። የመንደሩ ሰው የደመና ጸሐፊ የሚል ስም አወጣለት። እሱም አልከፋውም፤ በባሕር ያጣውን እንጀራ በዚህ ለሰጠው አምላክ ምስጋናውን አላጎደለም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ምስጋናውን የሚያጎድልበት ነገር ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ላሊ ያን ቀን ሸሪኩ ታሞበት ብቻውን በትንሿ ጀልባው ወጣ። ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በኋላ ስልክ በሚሠራበት በመጨረሻው ቦታ ሆኖ ደወለ።

“ካካ፣ ወንድሜ፣ ሥዕሉ ምን ይላል?”

“ንጹሕ ነው።”

“እንግዲያው ንጉቫ ድንጋይ ጀርባ መልሕቄን ጥዬ አድራለሁ። ለታይባ ንገርልኝ።”

ሼ ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር። በእጁ ያለው ሥዕል የቀትር ነው። ከቀትር በኋላ የዘመድ ሠርግ ሄዶ ፒላው ሲበላ ስለዋለ፣ ከስድስት የማያንሱ የየሰዓቱ ሥዕሎች አምልጠውታል። ያን ሌሊት መንደሩ ላይ የነበረው ትንሽ ነፋስና የሩቅ መብረቅ ብቻ ነው። ላሊ ግን በማግስቱ አልተመለሰም። ሦስት ቀን ፈለጉት፤ አንዲት ሳንቃ እንኳ አልተገኘችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነጋዴ ከሰሜን መጥቶ “እሱን የሚመስል ሰው ገበያ ላይ አየሁ” አለ። ሌላው ደግሞ ማዕበሉ በደቡብ በኩል እንጂ በንጉቫ አላለፈም ብሎ ማለ። የመስጊዱ ሼኽ ባድሩ በሁለቱ ወሬ መካከል ግራ ተጋቡ። “ባሕሩ ምስክር አልሰጠንም” አሉ። “በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሬሳ ሶላት አልሰግድም።” ስለዚህ የላሊ ሚስት ታይባ ባል ያላት አይደለች፣ ባል የሞተባት አይደለች። ሐዘን አልተቀመጠችም፣ ልቅሶ አልተለቀሰላትም። በየሐሙሱ ከሰዓት የላሊን ነጭ ቀሚስ አጥባ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች፤ ዓርብ ለጁምዓ ቢመጣ የሚለብሰው እንዳያጣ። ቀሚሱ በሩ ላይ ሰው እንደሌለበት ትከሻ ተንጠልጥሎ ያድራል። በዚያ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው አያዩትም።

ሼ ያን ምሽት በእጁ የነበረው የትኛው ሥዕል እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ግን ምንም ሰዓት እንዳያመልጠው የሚያደርግ መላ ፍለጋ ገባ። ታንጋ ከተማ የሚኖር የማያውቀው ሰው ኮምፒውተርን በጽሑፍ ስለማዘዝ በስዋሂሊኛ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ያኖረውን ገጽ አግኝቶ ቃል በቃል እየገለበጠ ስምንት ወር ተማረ። ከመማሩ መሳሳቱ በለጠ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስድስት መስመር ጻፈ። መስመሮቹ የሚሉት ይህን ነው፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው ሰዓት ቁጠር፤ በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ የቀኑንና የሰዓቱን ቁጥር የያዘውን ሥዕል ጥራና አምጣ፤ ስታበቃ ቁም። ጣት የሶላት መቁጠሪያው ሙስበሃ ላይ ከፍሬ ወደ ፍሬ እያለፈ አንዱን ቃል እንደሚደግም ማለት ነው። ይህን ሲረዳ ብቻውን ሳቀ። አላህ ማይሙንም በሚያውቀው ነገር ያስተምረዋል ብሎ አሰበ።

መጀመሪያ የሞከረው ረቡዕ ምሽት ነው። መግሪብ ሰግዶ መጣ፤ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ባትሪው ያበራት አንዲት አምፖል አለች። ሌሊቱን በሙሉ ከአንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲያመጣ ጻፈ። ያልደረሱት ሰዓታት እንደማይገኙ ያውቃል፤ መስመሮቹ አለመሳሳታቸውን ለማየት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት እንኳ ገና ስላልደረሰ፣ አሥራ ሁለቱም “የለም” እየተባሉ ሊመለሱ ይገባል።

ተጫነ። አንደኛው መጣ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ።

ሼ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ማንም ሳይነካው ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር ይጨመራል። የአራት ሰዓት። የአምስት። የስድስት። የንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደርሶ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ከፊቱ አሥራ ሁለት ሥዕል አለ፤ ሁሉም ገና ያልመጣ ሌሊት ነው።

አንደኛውን ከፈተ። ግራጫ ባሕር፣ በስተምሥራቅ የጥፍር ያህል ነጭ። በሁለተኛው ነጩ መዳፍ አክሏል። በሦስተኛው ይሽከረከራል። በአምስት ሰዓቱ ሥዕል ብሌን እንደሌለው ዓይን ሆኖ ልክ ንጉቫ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። የስድስት ሰዓቱን ሲከፍት ምንም የለም። ባሕሩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከዚያ እስከ ንጋት ድረስ አንዲት የደመና ቁራጭ እንኳ የለችም።

ወደ ውጭ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ቅርብ ናቸው። ነፋስ የለም። አህዮቹ እንኳ ጸጥ ብለዋል። ያ ጸጥታ ይበልጥ አስፈራው። የባሕሩ ዳር ላይ አራት ጀልባ መረብ እየጫነ ነበር።

“ዛሬ ማንም አይውጣ!” አለ እየሮጠ።

ምባራክ መረቡን ከትከሻው ሳያወርድ ሰማዩን አየ። በመንደሩ አፉ የማያርፍ አጥማጅ እሱ ነው። “ሼ፣ እኛ የምናውቀው ጆሮህ እንደማይሰማ ነው። ዓይንህ ደግሞ መቼ ጀመረው?”

ሳቁ።

“ወላሂ ነው የምላችሁ። አምስት ሰዓት ላይ ንጉቫ ላይ ነው። ሥዕሉን አይቼዋለሁ።”

“አሁን ስንት ሰዓት ነው?”

“አንድ ሊሆን ነው።”

“እና የአምስት ሰዓቱን ማን አነሳው? ሚስትህ?”

ማንም አልሳቀም በዚህ ጊዜ። አንዱ ሽማግሌ “አስተግፊሩላህ” ብለው ከጀልባው ራቅ አሉ። ሼ የመጀመሪያውን ጀልባ ገመድ ያዘ። ባለፈው ዓመት ወንድሙን ያጣው ይህ ሰው መሆኑ ትዝ አላቸው።

ከጀልባ መሪዎቹ አንጋፋው ናሆዳ ፋማው ነው። ስልሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሯል። መቅዘፊያውን አስቀምጦ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። “እኔ አልወጣም” አለ። “እውነት ከሆነ ነፍሴን አተርፋለሁ። ውሸት ከሆነ ነገ ሼን በመንደሩ ፊት እሰድበዋለሁ። ሁለቱም ደስ ይለኛል።”

እሱ ሲቀር ሌሎቹም ቀሩ። አምስት ሰዓት መጣ፣ አለፈ። ሞገዱ እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ጠዋት ላይ የጎረቤት መንደር ጀልባዎች በዓሣ ተጨናንቀው ሲመለሱ ኪዚንጊቲኒ ቆሞ አየ። ምባራክ በማኅበሩ መስኮት አንገቱን አስገብቶ “የደመና ጸሐፊ! ለምሳ ደመናህን ጥበስልን እንጂ፣ ዓሣ የለንም!” እያለ ሄደ። ሼ ለቁርስ የተጠበሰውን ማሃምሪ ዳቦ ሳይነካ ተወው። ሥዕሎቹን ደጋግሞ ከፈተ። እንዳሉ ናቸው። ሰይጣን የሠራው ነገር ቢሆን የቁርኣኑ አንቀጽ አያተልኩርሲ ሲቀራበት በጠፋ ነበር ብሎ ቀራ፤ አልጠፋም።

ናሆዳ ፋማው ገባ። “ልሰድብህ መጣሁ። መጀመሪያ ግን ያንን ነገር አሳየኝ።”

ሼ አንድ በአንድ አሳየው። ሽማግሌው ወንበሩን አስጠግቶ ልክ ባሕር እንደሚያይ ትክ ብሎ አየ። የአምስት ሰዓቱና የስድስት ሰዓቱ ሥዕል ጋ ሲደርስ እጁን አነሳ።

“ቆይ። ይኼ የት ሄደ?”

“ጠፋ።”

“በአንድ ሰዓት ውስጥ?”

“አዎ።”

“ሼ፣ ማዕበል ይደክማል፣ ይበታተናል፣ ጭራውን እየጎተተ ይሄዳል። እንደ ኩራዝ እፍ ተብሎ አይጠፋም። እነዚህ ሁለት ሥዕሎች ተከታትለው የተነሱ አይደሉም። በመካከላቸው የተቆረጠ ነገር አለ።”

ሼ ሥዕሉን አሰፋው። ሲያሰፋው ከታች ጥግ ላይ የጉንዳን እግር የሚያህሉ ፊደላት ታዩ። በእጁ ሲያወርድ ሁልጊዜ አዲሱን ስለሚጭን፣ አንድም ቀን አንብቧቸው አያውቅም። የቀኑ ቁጥር ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ትክክል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን ያለፈው ዓመት ነው።

ነገሩ ቀስ ብሎ ተገለጠለት። መሥሪያ ቤቱ ቦታ ለመቆጠብ ሥዕሎቹን በወር፣ በቀንና በሰዓት ብቻ ይሰይማል፤ ዓመት አይጽፍም። አዲሱ ሲመጣ በአምናው ላይ ይተካል። እስኪተካ ድረስ የአምናው እዚያው ቁጭ ይላል። ሼ ደግሞ በመንደሩ ልማድ ቆጠረ። በደሴቱ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ አዲስ ቀን ይገባል፤ ረቡዕ ማታ መግሪብ ከተሰገደ ሐሙስ ነው። ስለዚህ የሐሙስን ቁጥር ጻፈ። የመሥሪያ ቤቱ ቀን የሚለወጠው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእነሱ የሐሙስ ምሽት የሚባለው ገና አልደረሰም፤ በዚያ ስም ተቀምጦ የነበረው የአምናው ምሽት ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ ከዚያ የቀደመው ንጋት እንጂ ተከታዩ አይደለም። ነጩ ነገር በአንድ ጊዜ የጠፋው ለዚህ ነው።

“አምና ይህ ቀን” አለ ናሆዳ ፋማው ዝግ ባለ ድምፅ። “በፈረንጆቹ ቁጥር። ምን ሌሊት ነበር?”

በኪዚንጊቲኒ ሰው ሞትንና ልደትን የሚቆጥረው በጨረቃ ነው። ላሊ የጠፋው በምፉንጎ ፒሊ ወር በስምንተኛው ሌሊት ነው፤ ዓመት ሞላ ተብሎ ዱዓ ከተደረገ አሥር ቀን አልፎታል። የፈረንጆቹን ቀን ያስታወሰ አንድም ሰው የለም። ሼ ግን ከአምና ጀምሮ ያልሰረዘው አንድ ነገር ስልኩ ውስጥ ነበረው። አወጣና አየ። የላሊ የመጨረሻ ጥሪ፤ ያው ወር፣ ያው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ።

ሰሌዳው ላይ ያ ዓይን አሁንም ንጉቫ ላይ ነበር።

“ቀሪውን ሌሊት ማምጣት ትችላለህ?” አለ ሽማግሌው።

“በነገው ቁጥር ተቀምጧል። ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ መተካት ይጀምራል።”

“እንግዲያው አሁን አምጣው።”

ሼ መስመሮቹ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፦ ከአምስት ሰዓት ካለፈ ቀኑን በአንድ ከፍ አድርግ። “ቢስሚላህ” ብሎ ተጫነ። ሰባት ሥዕል ተራ በተራ መጣ። ስድስት ሰዓት፣ ነጩ ንጉቫ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት፣ እዚያው ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፤ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ቦታ የሚፈልገው ነገር ያለ ይመስል ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭራውን እየጎተተ ወደ ሰፊው ባሕር ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው ባዶ ነው።

ናሆዳ ፋማው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። “በዚያ ሥር ብቻውን ነበር” አለ።

ሼ ግን ያየው የመጀመሪያውን ነው፤ የአንድ ሰዓቱን። የጥፍር ያህሉ ነጭ በስተምሥራቅ ነበር። ያን ምሽት ይህን አንድ ሥዕል አውርዶ ቢሆን “ተመለስ” ይል ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ታይባ ቤት ሄደ። ሥዕሎቹን ደምስሶ ዝም ማለት ይችል ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ታይባ ደጃፏ ላይ ካውያውን ይዛ ቀሚሱን ትተኩሳለች።

“ሸሜጂ፣ ግባ። ፊትህ ምን ሆነ? ደግሞ ማዕበል አየህ እንዴ?” አለች ለባሏ ወንድም እየሳቀች፤ የትናንቱን ሰምታለች።

ተቀምጦ ነገራት። ሥዕሎቹን ከፈተላት። ካውያውን አስቀምጣ አንድ በአንድ አየች፤ አላለቀሰችም።

“እሱ የት ነው?”

“እዚህ። ከነጩ ሥር።”

ጣቷን አሳረፈችበት። “አይታይም።”

“ከዚያ ከፍታ ሰው አይታይም፣ ታይባ። ሌላም የምነግርሽ አለ።” ሠርጉን፣ የቀትሩን ሥዕል፣ “ንጹሕ ነው” ማለቱን፣ ሁሉንም ነገራት። የካውያው ከሰል እየተሰነጠቀ ድምፅ ያሰማ ነበር።

“ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትመጣ ዓይኔን የማታየኝ ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

“እኔ ደግሞ ‘ሌላ ታገባለች’ ብለህ የምትጠረጥረኝ መስሎኝ ሳዝንብህ ነበር።” በሳቅና በልቅሶ መካከል የሆነ ድምፅ ወጣት። “አልዋሽህም፣ ሸሜጂ። ጥፋት አለብህ። ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ብል ምላሴ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። አንድ ቀን እላለሁ፣ ኢንሻአላህ። ይህን ደብቀህ ቀርተህ ቢሆን ግን በቂያማ ቀን አንገትህን ነበር የማንቀው።” ከዚያ ቀሚሱን አጠፈችው። ገና አልተተኮሰም፤ እንደተጨማደደ አጥፋ ወደ ጓዳ አስገባችው። “ላፕቶፑን ውሰደው፣ ለሼኽ ባድሩ አሳያቸው።”

ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሼኹ የጀልባ መሪዎቹን በሙሉ መስጊዱ በረንዳ ላይ ሰበሰቡ። ሥዕሎቹን የያዘው ላፕቶፕ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ካዩ በኋላ ሼኹ ጠየቁ።

“በትንሽ ጀልባ፣ ብቻውን፣ መልሕቅ ጥሎ፣ ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት በዚህ ሥር አድሬ እመለሳለሁ የሚል እጁን ያንሳ።”

ሁሉም ወደ ምባራክ አዩ። አንዴ ዓሣ ነባሪ ጢሙን ይዤ ጎተትኩ ብሎ የማለ ሰው ነው። የምባራክ እጆች ጉልበቱ ላይ ቀሩ።

“ይበቃል” አሉ ሼኹ። “ባሕሩ ያልመሰከረውን ከላይ የነበረው መስክሯል። በስሕተት እጅ ቢሆንም ያደረሰን ጌታ ይመስገን።”

ከጁምዓ በኋላ ሰዎቹ ተሰለፉ። የሬሳ ሶላት ሲሰገድ ከኢማሙ ፊት ቃሬዛ ይቀመጣል። ያን ቀን ከሼኹ ፊት የነበረው ባዶ ወለል ብቻ ነው፤ በተከፈተው በር በኩል ባሕሩ ይታያል። ሼ በመጀመሪያው ሰልፍ ቆሞ ያንን ባዶ ቦታ አየ። አራት ጊዜ “አላሁ አክበር” ተብሎ ተክቢራ ተደረገ። በየተክቢራው መካከል በሩ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ በእግሮቻቸው መካከል አለፈና በሌላው በር ወጣ። ተሰላምቶ ሲያበቃ ምባራክ ወደ ሼ ዞሮ ትከሻውን ያዘ።

“አላህ ይዘንለት” አለው።

በላሊ ስም ይህ ቃል ሲባል ሼ የሰማው ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ። ባለበት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምባራክና ናሆዳ ፋማው በሁለት ወገን ደግፈው በጠባቧ መንገድ ወሰዱት። ሌሎቹ ከኋላ ተከተሉ። ታይባ ቤት ሲደርሱ ሴቶቹ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ልቅሶው ግን ገና አልወጣም። ልቅሶው ከእሷ እንዲጀመር ይጠብቃሉ። ባል የሞተባት ሴት ሥርዓት ነውና ከዛሬ ጀምሮ አራት ወር ከአሥር ቀን ከዚህ ቤት አትወጣም።

ታይባ ራሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰልፉን አየች፤ ከፊት ያለውን ሼን አየችው፤ እሱም ዓይኗን አየ።

“ምን ትቆማላችሁ?” አለች። “ግቡና ተቀመጡ። የልቅሶ ቤት ነው።”